የአደራ መሬት

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ሰው የሚጣላው በኮድ ይመስላችኋል? አይደለም። ትልቁ ጠብ ዝርዝሩ ላይ ነው። የሚሠራው ነገር ሁሉ ተደርድሮ፣ የትኛው ይቅደም የትኛው ይቆይ የሚለው ላይ። ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ ደግሞ ከዚህም የሚብስ ጥያቄ እንዳለ ይገባችኋል፦ ዝርዝሩን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን ነው? አሥር ሰው ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ "ይሄ ይቅደም" ብሎ ቢስማማ፣ የመጨረሻው ፈቃድ ሌላ ሕንጻ ላይ ያለ ሰው እጅ ውስጥ ከሆነ ስብሰባው ቡና መጠጫ ነው።

ይህ ነገር በቢሮ ደረጃ ያናድዳል፣ ያልፋል። በአንድ ሕዝብ ደረጃ ሲሆን ግን የሞራል ጥያቄ ነው። አንድ ሕዝብ የራሱ ፕሬዚዳንት፣ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ኖሮት፣ ብዙውን የመሬቱን ጉዳይ ለመጨረስ ግን የሌላ መንግሥት ፊርማ መጠበቅ ካለበት፣ ራሱን ያስተዳድራል ማለት እንችላለን? ካልቻልን ደግሞ "እነዚህ ሰዎች ቅድሚያ የሚሰጡትን አያውቁም" ብሎ ለመውቀስ አፍ ያለው ማን ነው?

የማወራው ስለ ናቫሆ ኔሽን ነው። እኔ የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ሰዓት ሲነዳ፣ ከሦስት ክፍለ ግዛቶች (አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ዩታ) ላይ የተቆረሰ ወደ 71 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አገር ይጀምራል። ዋና ከተማው ዊንዶው ሮክ ይባላል። የተመዘገበው ሕዝብ 400 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ እዚያው መሬት ላይ የሚኖረው ከግማሽ ያንሳል። ራሳቸውን "ዲኔ" ይላሉ፤ "ሕዝቡ" እንደማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቋንቋቸው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ለኛ ጆሮ ደስ ይላል። ለዝምድና ያላቸው ቃል "ቄ" ነው። የኛው ቀ ነች፣ ከጉሮሮ ፈንድታ የምትወጣዋ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚታሰርባቸው ጠ፣ ጨ፣ ጸ እዚያም አሉ። አንድ ዲኔ ራሱን ሲያስተዋውቅ ስሙን ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም፤ የእናቱን ጎሣ፣ የአባቱን ጎሣ፣ የሁለቱን አያቶቹን ጎሣ ይቆጥራል። ሰሚውም በልቡ ያሰላል፤ ወንድሜ ነህ፣ አጎቴ ነህ ይባባላሉ። "ቄ" ማለት እንግዲህ ዘመድ መሆን ብቻ ሳይሆን፣ ዘመድ የመሆን ግዴታም ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

*

መሬቱ ላይ እንዴት እንደቆዩ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1863 እና በ1864 የአሜሪካ ጦር በኪት ካርሰን መሪነት የዲኔን የበቆሎ ማሳ አቃጠለ፣ የኮክ ዛፋቸውን ቆረጠ፣ ከብታቸውን ፈጀ። ረሃብ ሲገባ ከ8 ሺህ በላይ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ እየተነዳ ዛሬ ኒው ሜክሲኮ ወደሚባለው ምሥራቃዊ ክፍል ተጋዘ። ቦታውን "ህዌልዲ" ይሉታል። ውሃው ጨዋማ፣ መሬቱ ሰብል የማያበቅል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ እዚያ አለቁ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሰኔ 1 ቀን 1868፣ ባርቦንሲቶ የሚባል መሪያቸው ከጄኔራል ሸርማን ጋር ተደራድሮ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ውል ተፈረመ። ሸርማን ወደ ሌላ ቦታ፣ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው፣ ሊወስዳቸው ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እምቢ አሉ። ብዙ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከአገራቸው ተነቅለው ሲቀሩ፣ ዲኔዎች በውል ተመልሰው የገዛ ተራራቸውን ካዩት ጥቂቶች መካከል ሆኑ።

ግን የተመለሱበት መሬት በሕግ የነሱ አይደለም። ባለቤትነቱ በፌዴራል መንግሥቱ ስም ነው፣ ለነሱ "በአደራ" የተያዘ። ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። በ1831 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል፣ በቸሮኪ ሕዝብ ጉዳይ ላይ፣ የነዚህን ሕዝቦች ከአሜሪካ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሞግዚትና በሞግዚቱ ስር ባለ ልጅ መሰለው። እስከ ዛሬ ያለው ሕንጻ የተሠራው በዚህች ምሳሌ ላይ ነው።

አደራ! በኛ ቋንቋ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይባላል። ከሌባ ይልቅ "አደራ በላ" የሚለው ስድብ ይከፋል፤ ሌባ ያልሰጡትን ነው የወሰደው፣ አደራ በላ ግን አምነው የሰጡትን። ስለዚህ ጥያቄውን በኛ ቃል ላቅርበው፦ ባለ አደራው ያልጠየቅከውን አደራ በጉልበት ተቀብሎ፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ይዞ፣ እንዲመልስ ሲጠየቅ "ለራስህ ጥቅም ነው" ቢል፣ ይህ አደራ ነው ወይስ ሌላ ስም አለው?

መልሱ አንድ ወጥ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን አይደለም። የአደራው ሥርዓት እውነተኛ ጥቅም አለው። በ1887 ኮንግረስ "ዶውስ ሕግ" የሚባለውን አውጥቶ፣ የብዙ ቀደምት ሕዝቦችን የጋራ መሬት ለግለሰብ እየቆራረሰ እንዲሰጥ አደረገ። ቃሉ ያምራል፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት ይሁን ነው። ውጤቱስ? በ1887 ወደ 138 ሚሊዮን ኤከር የነበረው መሬታቸው በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ወረደ። በግብር፣ በዕዳ፣ በሽያጭ፣ "ትርፍ ነው" እየተባለ ተበላ። የናቫሆ መሬት በጋራና በአደራ መቆየቱ ከዚህ ዓይነቱ መበታተን በአብዛኛው ተርፏል። አንድም የፊኒክስ ቤት ሻጭ የሞኑመንት ቫሊን ቀይ ዓለት በካሬ መሸጥ አይችልም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አደራው ጋሻ ነው፤ ሰንሰለትም ነው። ክርክሩ የሚከብደውም ሁለቱ ከአንድ ብረት ስለተሠሩ ነው።

*

ባለ አደራውን የምንመዝነው በተናገረው ሳይሆን ጥቅም በመጣ ቀን ባደረገው ነው። ሁለት ቀን ልጥቀስ።

አንደኛው፦ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ናቫሆ መሬት ላይ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ኩባንያዎቹ የሚፈርምላቸው አካል ያስፈልጋቸው ነበር፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩም በ1923 የናቫሆን ምክር ቤት አቋቋመ። የዚያ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ፣ የነዳጅ ኪራይ ውሎችን በናቫሆ ስም እንዲፈርም ለፌዴራል ባለሥልጣን ሥልጣን መስጠት ነበር። ማለትም ዘመናዊው የራስ አስተዳደር የተወለደው ለመፈረም ነው፤ ብዕሩም በዚያው ስብሰባ ከእጁ ተወሰደ።

ሁለተኛው፦ በ1964 ፒባዲ የተባለ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ኪራይ ገባ። ለናቫሆ የሚከፈለው በቶን ከ37.5 ሳንቲም የማይበልጥ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላ ክፍያውን ማስተካከል ይቻል ስለነበር፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ኃላፊ 20 በመቶ ብሎ ወሰነ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ከዚያ የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ሚኒስትሩን ለብቻው አገኘው፤ ሚኒስትሩም ውሳኔው እንዳይወጣ አደረገ። ናቫሆዎች ይህን አላወቁም። ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ጠብቀው ጠብቀው በ12.5 በመቶ ተስማሙ። ነገሩ ሲታወቅ ከሰሱ። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ፦ መንግሥቱ ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድደው ሕግ የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ ቁሙ። አደራው "መሬትህን ያለ እኔ ፈቃድ ማከራየት አትችልም" ለማለት ሲሆን አለ፤ "ጥቅሜን አስበልተሃልና ክፈል" ሲባል ግን የለም። ሥልጣን በአንድ በኩል፣ ተጠያቂነት በሌላ በኩል ሲቀመጥ፣ መሐንዲስ ሆናችሁ የማትስሉት ሥርዓት ነው። የሚያዝዘው ሰው ኪሳራው አይደርስበትም፤ ኪሳራው የሚደርስበት ሰው ማዘዝ አይችልም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ክፉ ሰው ባይኖርም ክፉ ውጤት ይወጣል።

*

አሁን ወደ እኔ ቧንቧ እንምጣ።

ፊኒክስ በረሃ ናት። ከምትጠጣው ውሃ ጥሩ ድርሻው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ 541 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦይ ነው። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም፤ ወደ 900 ሜትር ገደማ በፓምፕ ይነሳል። ለዚህ ኤሌክትሪክ ተብሎ ፔጅ ከተማ አጠገብ፣ ናቫሆ መሬት ላይ፣ 2,250 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ በ1970ዎቹ ተሠራ። ከሰሉ የሚወጣው ካየንታ ከሚባለው፣ እዚያው ናቫሆና ሆፒ መሬት ላይ ካለ ማዕድን ነበር። ጢሱ እዚያ ቀረ፤ መብራቱና ውሃው ወደዚህ ወረደ።

በዚሁ ጊዜ ጣቢያው ባለበት አገር ከ10 ሺህ በላይ ቤት መብራት አልነበረውም። ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም። ሰው በፒክአፕ መኪና በርሜል ጭኖ ሄዶ ውሃ ይቀዳል። በ2023 አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በልዩነት ሐሳቡ እንደጻፈው፣ አንድ ናቫሆ ለቤቱ ነገር ሁሉ በቀን የሚጠቀመው ወደ 7 ጋሎን ነው። በኛ ልኬት ከአንድ ጀሪካን ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለገላ።

"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለውን ተረት ሰምቶ ያላደገ ሐበሻ የለም። ስለዚህ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም።

በ1922 ሰባት ክፍለ ግዛቶች ተቀምጠው የኮሎራዶን ወንዝ ሲከፋፈሉ ናቫሆዎች ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። የሚገርመው፣ ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1908፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "ለአንድ ሕዝብ መሬት ከተከለለ ለመኖር የሚበቃው ውሃም አብሮ ተከልሏል" ብሎ ወስኗል። መብቱ አለ ማለት ነው። ልኩ ስንት ነው? ከየትኛው ወንዝ? ይህን የሚለካ አልተገኘም። ናቫሆዎች "ባለ አደራችን ሆይ፣ ስንት እንደሚገባን ለክተህ እቅድ አውጣ" ብለው ከሰሱ። በ2023፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ተፈረደባቸው፤ የ1868ቱ ውል መንግሥቱን ያን ያህል እርምጃ እንዲወስድ አያስገድድም ተባለ። የተቃወመው ዳኛ ጎርሰች የጻፈው ነገር ለኛ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፦ እነዚህ ሰዎች ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ሰልፍ ሲመላለሱ ኖረው፣ በደረሱ ቁጥር "የቆማችሁት የተሳሳተ ሰልፍ ላይ ነው" ይባላሉ አለ። ቀበሌ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

*

እንግዲህ "የናቫሆ ቅድሚያ ምን መሆን አለበት?" ብሎ ዝርዝር ማውጣት ቀላል ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ቤት፣ ሥራ፣ መንገድ፣ የዩራኒየም ጽዳት። እኔም በአምስት ደቂቃ እጽፈዋለሁ፣ እናንተም ትጽፉታላችሁ። እነሱም ከኛ በፊት ጽፈውታል። ችግሩ ከዝርዝሩ ስር ያለው ነው።

ቤት እንውሰድ። አንዲት ወጣት አያቷ ግቢ አጠገብ ቤት መሥራት ብትፈልግ መሬቱን አትገዛም፤ እስከ አንድ ኤከር ድረስ የቤት ቦታ ኪራይ ትጠይቃለች። በቦታው ላይ የግጦሽ ፈቃድ ያለው ሰው መስማማት አለበት። ቀያሽ መምጣት አለበት። የአርኪዮሎጂ ምርመራ፣ የአካባቢ ምርመራ አለ። ሁሉም አልቆ፣ መሬቱ በአደራ ስለሆነ ባንክ በቀላሉ አያበድራትም። እያንዳንዱ በር ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሲደረደሩ ግን ዓመታት ናቸው።

ከዚህ የከፋውን ልንገራችሁ። በ1966 ሮበርት ቤኔት የተባለ የፌዴራል ኮሚሽነር፣ ናቫሆና ሆፒ የሚከራከሩበትን ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤከር መሬት ላይ ማንኛውም ልማት እንዲቆም አዘዘ። ክርክሩ እስኪያልቅ ተብሎ ነበር። እስከ 2009 ቆየ። አርባ ሦስት ዓመት! እዚያ የሚኖር ሰው ያለ ፈቃድ ቤት መጨመር፣ መብራት ማስገባት፣ የሚያፈስ ጣራ እንኳን ማደስ አይችልም ነበር። አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ወልዶ፣ "ቆይ" እየተባለ አለፈ።

ገንዘብ ሲመጣስ? ከኮቪድ በኋላ የፌዴራል መንግሥቱ ለናቫሆ ኔሽን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን እስከ 2024 መጨረሻ ውል ተገብቶበት፣ እስከ 2026 መጨረሻ ወጪ መሆን አለበት የሚል ሰዓት ታስሮበት ነበር። የውሃ መስመር የሚያልፍባቸውን በሮች አሁን ቆጥረናል። የሚያጣድፈውም የሚያዘገየውም ሰዓት ከውጭ ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚያገኘው ያስፈለገው ነገር ሳይሆን የሚቸኩለው ነገር ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅድሚያ፣ በኔ አስተያየት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ቅድሚያ ዝርዝሩን የመደርደር ሥልጣን ነው። ይህ የፍልስፍና ጌጥ አይደለም፤ ተሞክሯል። በ2000 ኮንግረስ በወጣ ሕግ ናቫሆ ኔሽን የንግድ ቦታ ኪራዮችን የፌዴራል ቢሮ ሳይጠብቅ ራሱ እንዲያጸድቅ ፈቀደ፤ መሬቱ ግን ከአደራ አልወጣም። ማለትም ጋሻውን ሳይጥሉ ሰንሰለቱን ማላላት ይቻላል። ሁለቱ አንድ ብረት ናቸው ብዬ ነበር፤ ብረት ግን ይቀጠቀጣል።

*

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ሥልጣኑ እጃቸው ሲገባ እኛ የማንወደውን ቢመርጡስ?

ይህ መላምት አይደለም። በ2017 የፔጁ ጣቢያ ባለቤቶች የተፈጥሮ ጋዝ ስለረከሰ እንዘጋለን ሲሉ፣ የናቫሆ ምክር ቤት እስከ 2019 እንዲሠራ ኪራዩን ለማራዘም ድምፅ ሰጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ናቫሆና ሆፒ የሆኑ ሰዎች እዚያና ማዕድኑ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ደህና ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ከዘመድ ሳይርቁ። ጣቢያው በኅዳር 2019 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የናቫሆ ኔሽን ንብረት የሆነው የኢነርጂ ኩባንያ ዋዮሚንግና ሞንታና ድረስ ሄዶ የከሰል ማዕድን ገዛ። ዓለም ከከሰል ሲወጣ እነሱ ገቡ። ዲኔዎች ራሳቸው በዚህ ተከፋፍለዋል፤ ለአሥርተ ዓመታት ከሰልን የተቃወሙ፣ ምንጫቸው ሲደርቅ ያዩ እረኞች አሉ፤ በከሰል ደመወዝ ልጆቻቸውን ያስተማሩም አሉ።

ከፊኒክስ ተቀምጦ "ከሰልማ አይሆንም" ማለት አይከብድም። ግን የኔ ከተማ በዚያው ከሰል ውሃ እየሳበች ከሠላሳ ዓመት በላይ ከኖረች በኋላ ስለ ዘላቂ ልማት ስብከት ብትጀምር፣ ጠግቦ ከማዕድ የተነሳ ሰው ለተራበው ስለ ጾም እንደሚሰብክ ነው። ስብከቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰባኪው ግን ሒሳብ አለበት።

ይህን ካልኩ በኋላ "ስለዚህ የመረጡት ሁሉ ልክ ነው" ወደሚለው አልሄድም። ያ አክብሮት አይደለም፤ በአክብሮት ስም ራስን ከማሰብ ማሳረፍ ነው። መለኪያ ያስፈልጋል። እኔ የማቀርበው ከሙያዬ የተወሰደ ነው፤ ሮልባክ። ስህተት ቢሆን ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻል ነገር በድፍረት ይሞከራል። መመለስ የማይቻለው ግን ዓርብ ማታ አይለቀቅም፤ አሥር ዓይን ያየዋል።

ዩራኒየም መመለስ የማይቻለው ነው። ከ1944 እስከ 1986 ከናቫሆ መሬት ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የዩራኒየም አፈር ወጣ፤ ለኒውክሌር ቦምብ ጭምር። የቆፈሩት ዲኔዎች ስለ አደጋው የነገራቸው አልነበረም። በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ከ500 በላይ የተተዉ ጉድጓዶች ቀሩ። ሐምሌ 16 ቀን 1979 ቸርች ሮክ ላይ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሬዲዮአክቲቭ ውሃ ፑዌርኮ ወንዝ ገባ፤ በግ የሚጠጣበት፣ ልጅ የሚጫወትበት። ናቫሆ ኔሽን በ2005 በራሱ ሕግ የዩራኒየም ማዕድንን ከለከለ። ማንም አላዘዘውም። ሥልጣን ያለው ሕዝብ የሚያጠፋውን ብቻ ነው የሚመርጠው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። የሥልጣኑም ወሰን ወዲያው ታየ፤ በ2024 ከናቫሆ ውጭ የተቆፈረ የዩራኒየም አፈር የጫኑ መኪኖች ናቫሆ መሬትን አቋርጠው ሄዱ፣ ፕሬዚዳንቱ ፖሊስ አዝዞ ለማስቆም ሞከረ፣ በመጨረሻ በድርድር ነው የተፈታው።

ፀሐይ በሌላው ጫፍ ናት። ካየንታ ላይ በናቫሆ የመብራት ባለሥልጣን ባለቤትነት የተሠራው የፀሐይ ጣቢያ በ2017 በ27 ሜጋ ዋት ጀምሮ በ2019 ወደ 55 ደረሰ። ሐቁን እንናገር፤ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው ጥቂት ሰው ነው፣ የከሰሉን ደመወዝ አይተካም። ግን ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ የዛሬ ሕጻናት "ይሄን አንፈልግም" ቢሉ ፓነሉ ይነቀላል፣ በጉ ይሰማራል። የዘላቂ ልማት ትርጉም ለኔ ይሄ ነው፦ የሚመጣው ትውልድም ዝርዝሩን እንዲደረድር ቦታ መተው። እኛ ጨርሰን ከወሰንንለት፣ እኛም ለሱ ያልተጠየቀ ሞግዚት ሆንን ማለት ነው።

*

"ቄ"ን ያዙልኝ ብዬ ነበር። የራስ አስተዳደር ጥያቄ ዊንዶው ሮክ በር ላይ አያልቅም። ከፌዴራል መንግሥት የተወሰደ ሥልጣን ዋና ከተማው ላይ ቢከማች፣ ሩቅ ካንየን ውስጥ ላለችው አሮጊት ሞግዚቷ ተቀየረ እንጂ ምን ለወጠላት? ናቫሆ ኔሽን ውስጥ "ቻፕተር" የሚባሉ 110 የአካባቢ አስተዳደሮች አሉ። በ1998 የወጣው የራሳቸው ሕግ መስፈርት ላሟሉት ተጨማሪ ሥልጣን ይሰጣል፤ ብዙዎቹ ግን እዚያ አልደረሱም።

የግጦሽ ፈቃዱም የቤት ጣጣ ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥቱ "መሬቱ ተጋጠ" ብሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር በግና ፍየል በግድ ቀነሰ፤ ብዙው የሴቶች ሀብት ነበር፣ አንዳንዱ እዚያው ተገድሎ ተጣለ። የዚያ ዘመን ቅሪት የሆነው ፈቃድ እየተወረሰ ወርዶ፣ ዛሬ የያዘው ሰው በጎ ከሌለውም እንኳን የጎረቤቱን ልጅ ቤት ሊከለክል ይችላል። ይህን ዋሽንግተን አይፈታውም። ዘመድ ለዘመድ ያለበት ግዴታ ነው።

ራሳቸውን ማረምም ያውቁበታል። በ1989 የሊቀመንበሩ የሙስና ቅሌት ዊንዶው ሮክ ላይ ደም አፋሰሰ፤ ሰው ሞተ። ያንኑ ዓመት ሥልጣኑን በሦስት ከፈሉት። ከሃያ ዓመት በኋላ ሕዝቡ በድምፁ የምክር ቤቱን አባላት ከ88 ወደ 24 ቀነሰ። ልክ ነበሩ? አንዳንዱ አሁንም ይከራከራል። ነገር ግን የራስ አስተዳደር ዋጋው ሁልጊዜ ልክ መሆን አይደለም። ስህተቱን ያየው ሰውና የሚያርመው ሰው አንድ መሆናቸው ነው። የፒባዲን ውል ናቫሆዎች ቢያርሙት ኖሮ በድርድር ነበር፤ ባለ አደራው ስላረመላቸው ግን ፍርድ ቤት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አለቀ፣ ገንዘቡም ቀረ።

*

በግንቦት 2024 የናቫሆ ምክር ቤት ከሆፒ፣ ከሳን ሁዋን ሳውዘርን ፓዩት እና ከአሪዞና ጋር የተደረሰ የውሃ ስምምነት ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። ለቧንቧና ለጉድጓድ ሥራው 5 ቢሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ናቫሆዎች በምላሹ ሌላ ብዙ ሊጠይቁ የሚችሉትን ውሃ ይተዋሉ፤ መብታቸውን በወረቀት ከመያዝ በቧንቧ ማየትን መርጠው ነው። ዝርዝሩን ደርድረዋል ማለት ነው፤ አንደኛው ላይ ውሃ ተጽፏል። ሥራ ላይ የሚውለው ግን ኮንግረስ ሲያጸድቀውና ገንዘቡን ሲመድብ ነው።

እዚህ ከተማ ብዙ ሐበሻ አለ። ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ እንደኔ ኮድ የሚጽፍ። ይህን መሬት እኛ አልወሰድንም፤ ከሌላ ታሪክ ነው የመጣነው። ይህ ከጥፋት ነጻ ያወጣን ይሆናል፣ ከዕዳ ግን አያወጣንም። ውለታ የሚቆጠረው በማን ወሰደ ብቻ ሳይሆን በማን ጠጣም ነው። ዕዳውም ምጽዋት አይደለም፤ ከዚህ ስምምነት ጋር የሚመጣውን የውሃ ዋጋና የግብር ድርሻ ያለ ማጉረምረም መክፈል፣ ድምፅ ያለን ደግሞ ለኮንግረስ እንደራሴያችን "ይሄ ይቅደም" ብሎ መንገር ነው። ምን ይሥሩበት የሚለውን ለነሱ መተው፤ እንዲሠሩበት የሚያስፈልገውን ግን ከመንገዳቸው አለመቆም። እዚህ ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደው ውሃ እስካሁን ዋጋው ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም፤ ደረሰኙ ያለው ሰሜን ነው።